ለጠንካራ ኮራል የሚሆን ትንሽ የጨው ውሃ ገንዳ፦ ኩቡን ልግዛ ወይስ ዝርጉን?

#1 ሰማያዊ ጠብታ

ሰላም ወገን። ዓይኔን በጨው አጥቤ ልጠይቃችሁ መጣሁ። ሁለት ዓመት ጨው አልባ ገንዳ ይዤ ቆይቻለሁ። ተክሉም ዓሣውም ደህና ነው። አሁን ግን ልቤ ወደ ባሕሩ ሸፍቷል። ዓሣው እምብዛም አያጓጓኝም። የምፈልገው ኮራል ነው፣ ያውም የድንጋይ አጥንት የሚሠራው ጠንካራው ዓይነት።

ዓይኔ ያረፈበት ገንዳ ቁመቱም ጎኑም 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 43 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከኋላው ማጣሪያ የሚገባበት የተከለለ ክፍል አለው። መብራቱም አብሮት ይመጣል። ጠረጴዛዬ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ሐሳቤ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች፣ ከኮራል አንድ ቶርች፣ አንድ ሐመር፣ ከላይ ደግሞ አንድ ሁለት አክሮፖራ ነው።

ይህ መጠን ይበቃል? ወይስ ውበቱ አታሎኝ ነው? ገና አልገዛሁም። ሳትራሩ ንገሩኝ።

#2 ማዕበል 45

ወንድሜ አታስብ፣ ይበቃል። እኔ 28 ሊትር ውስጥ ስታይሎፎራና ሞንቲፖራ የሚባሉ ኮራሎች ይዤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በሳምንት 10 ሊትር ውሃ እቀይራለሁ፣ አለቀ። አንድ ባልዲ ነው። ባለ 400 ሊትሩ ሰውዬ በዚህ ልክ ልቀይር ቢል ከ140 ሊትር በላይ ሊሸከም ነው፣ ወገቡ ይቆረጣል። ትንሽ ገንዳ አይሆንም የሚሉህ ትንሽ ገንዳ ይዘው የማያውቁ ናቸው።

#3 ሰማያዊ ጠብታ

እህቴ በል :) ግን መልስህ ደስ ብሎኛል። ልግዛው ታዲያ?

#4 ጋሽ ጨው

ቆይ ልጄ፣ አትግዢ።

ማዕበል የሚለው ውሸት አይደለም። ግን ስለ ራሱ አንድ ነገር ሳይነግርሽ አልፏል። ይህ ልጅ ውሃውን ሳይመረምር የማይተኛ ሰው ነው። በዚህ ቤት ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ። ያንን 28 ሊትር ለሌላ ሰው ብትሰጪው ሦስት ወር አይቆይም።

ከገንዳው በፊት ኮራሉን ምረጪ። ጠንካራ ኮራል ስንል አንድ ዓይነት ፍጡር አይደለም። እኛ በልማድ ለሁለት እንከፍለዋለን። ኤልፒኤስ የምንለው ባለ ትልቅ ፖሊፑን ነው (ፖሊፕ ማለት ኮራሉን የሚሠራው አንዱ ትንሽ እንስሳ ነው)፦ ሐመር፣ ቶርች፣ ፍሮግስፓውን፣ ደንካን፣ አካን፣ ካውላስትሪያ። ሥጋው ወፍራም ነው፣ ውሃው ውስጥ ይወዛወዛል። መጠነኛ ብርሃንና መጠነኛ ሞገድ ይበቃዋል። ትንሽ ብትሳሳቺም ይችልሻል። ኤስፒኤስ ደግሞ ባለ ትንሽ ፖሊፑ ነው፦ አክሮፖራ፣ ሞንቲፖራ፣ ስታይሎፎራ፣ ፖሲሎፖራ፣ ሴሪያቶፖራ። የእነዚህ ሥጋ አጥንቱ ላይ እንደተቀባ ቀለም ስስ ነው። ሲከፋቸው ጊዜ አይሰጡሽም። ማታ ደህና አድሮልኛል ያልኩት አክሮፖራ ጠዋት ነጭ አጥንት ሆኖ ጠብቆኝ ያውቃል።

የሚፈልጉት ውሃ ግን ያው አንድ ነው። ጨዋማነት በሺህ 35፣ ሙቀት 25 ወይም 26 ዲግሪ፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ መለኪያው ዲኬኤች ይባላል) 8 ወይም 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1400። እዚያ መድረስ ማንም ይደርሳል። እዚያው መቆየት ነው ሥራው። አልካሊኒቲሽ ሁልጊዜ 7.5 ቢሆን ከማንም ጋር አትጣዪም። ዛሬ 7.5፣ ነገ 9.5 ከሆነ ግን አክሮፖራው ቁጥሩ ጥሩ ነው ብሎ አያመሰግንሽም።

ስለዚህ ጥያቄው ገንዳው ስንት ይይዛል አይደለም። ስትሳሳቺ ምን ያህል ይምርሻል ነው።

#5 ሰማያዊ ጠብታ

ጋሼ አመሰግናለሁ። የእርስዎ መልስ ትንሽ አስደንግጦኛል። ግን እኔ በየማታው የምመረምር ሰው አይደለሁም፣ እውነቱን ልናገር። በሳምንት ሁለቴ እችላለሁ። አንዳንዴም ሁለት ሦስት ቀን ከቤት እጠፋለሁ።

#6 ቁጥር ወዳድ

ሁለት ሦስት ቀን ስትይ ጆሮዬ ቆመ። ስሌቱን ላሳይሽ።

43 ሊትር የሚባለው ገንዳ 43 ሊትር ውሃ አይይዝም። ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ 35 ሊትር ቢቀርሽ ነው። አሁን ውሃው ይተናል። ጨው ግን አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። በቀን ግማሽ ሊትር ተነነ እንበል። በሦስተኛው ቀን 33.5 ሊትር ይቀርሻል፣ ጨዋማነቱም ከ35 ወደ 36.6 ይወጣል። ማራገቢያ ከላይ ካበራሽና ትነቱ በቀን 1 ሊትር ከደረሰ 38.3 ነው። ከጉዞ ስትመለሺ ደንግጠሽ 3 ሊትር ንጹህ ውሃ በአንዴ ስትደፊበት ደግሞ ሁለተኛውን በትር አሳረፍሽበት ማለት ነው።

መፍትሔው በትነት የጎደለውን በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ነው። ሴንሰር፣ ትንሽ ፓምፕና የንጹህ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ኮራል ለሚይዝ ሰው ከስኪመርም (ቆሻሻን በአረፋ ከሚያወጣው መሣሪያ) በፊት የሚገዛ ነገር ነው እላለሁ። የሚሞላው ውሃ ጨው የሌለበት፣ አርኦዲአይ በሚባለው ማጣሪያ የተጣራ ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማጠራቀሚያውን አታተልቂው። ሴንሰሩ አንድ ቀን ይሳሳታል፣ ፓምፑም ያለውን ሁሉ ይገለብጠዋል። 35 ሊትር ላይ 5 ሊትር ቢገለበጥ ጨዋማነቱ 30.6 ይሆናል። ክፉ ነው፣ ግን ከባልዲ ሙሉ ይሻላል።

#7 የሲሊኮን ጣት

እኔ ገንዳ እገጣጥማለሁ፣ ስለ መስታወቱ ልናገር።

ኩብ ፎቶ ላይ ያምራል። ኮራል ለመያዝ ግን የምመርጠው ዝርጉን ነው። 60 በ45፣ ከፍታው 35 የሆነ። ስሌቱ 94 ሊትር ተኩል ነው፣ እውነተኛው ውሃ 80 ገደማ። ጠረጴዛሽ ላይ ያለው ኩብ ቁመቱም ያው 35 ነው። ስለዚህ ክንድሽ እስከ ታች ይደርሳል፣ መብራቱም በእኩል ጥልቀት ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ወለሉ ነው። የኩቡ ወለል ከ1200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የዝርጉ 2700 ነው። ኮራል የሚቀመጠው ወለል ላይና ድንጋይ ላይ ነው፣ ውሃ መሃል አይንሳፈፍ። ለዚያ ነው ሊትር ሳይሆን ወለል ቁጠሪ የምለው።

ሌላም ጥቅም አለው። ውሃ መስታወትን የሚገፋው በከፍታው ልክ ነው። አጭር ገንዳ ለማጣበቂያው ይራራለታል።

ጠረጴዛውን ግን እርሺው። 94 ሊትር የጨው ውሃ ብቻውን ከ95 ኪሎ በላይ ነው። መስታወቱንና ድንጋዩን ስትጨምሪበት 130 ኪሎ ያልፋል። ጠረጴዛ እንኳ ቢሸከመው በወር ውስጥ መሃሉ ይረግባል። አንዱ ጥግ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲሰምጥ ውሃው ራሱ ያሳብቃል፣ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ታዪዋለሽ። ማጣበቂያው የሚለቀው ያኔ ነው። ለገንዳ የተሠራ ማስቀመጫ ግዢ ወይም አሠሪ፣ ደረጃ መለኪያ አስቀምጪበት፣ አረፋዋ መሃል ትቁም።

#8 ማዕበል 45

ዝርግ፣ ዝርግ ትላላችሁ። ወለሉ ሰፋ ማለት እኮ ትነቱም ሰፋ ማለት ነው። የውሃው ፊት ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ የሚተነውም ከእጥፍ በላይ። ውሃውም ከእጥፍ ትንሽ በለጠ። ታዲያ ጨዋማነቱ የሚጨምረው በዚያው ፍጥነት አይደለም እንዴ? በዝርጉ ምን አተረፈች?

#9 ቁጥር ወዳድ

አቦ ይመችህ፣ ትክክል ነህ። ከፍታቸው እኩል ከሆነ በትነት በኩል ምንም አታተርፍም። ይህን ብዙ ሰው አይነግርህም። ራሱን የሚሞላው መሣሪያ ለሁለቱም ግዴታ ነው።

የምታተርፈው በእጇ በሚፈጠረው ስህተት ነው። አልካሊኒቲን በ1 ዲኬኤች ለማሳደግ ለ100 ሊትር 3 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ይበቃል። አንድ ስፍር የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ገደማ ነው። ለ80 ሊትር አንድ ማንኪያ በስህተት ብትጨምሪ በ2 ይወጣል፣ ኮራሉ ይናደዳል። ለ35 ሊትር ያቺው ማንኪያ ወደ 5 ታወጣዋለች። ከ8 ወደ 13። አክሮፖራ ካለ ጨረስሽ ማለት ነው። ለ28 ሊትር የማዕበልን ሥራ አስቢው።

#10 ማዕበል 45

በሚዛን ነው የምለካው፣ በ0.1 ግራም። ማንኪያ ለሾርባ ነው።

#11 ጋሽ ጨው

ይኸው፣ አላልኩም?

#12 ፖሊፕ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። «አንቺ ጨው ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ፣ አለዚያ ድንጋይ ነሽ ብለው ይጥሉሻል» የሚለው ተረት ስለ እኛ ገንዳ የተነገረ ይመስለኛል። ጨውም ድንጋይም ይዘናል።

ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ ጠብ። ኮራል ቁጭ ብሎ የሚያምር አበባ አይደለም። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ በባትሪ እዪው። ቀን አጭር የነበረው መዳሰሻ ክር መስሎ ይረዝማል፣ ጎረቤት ፍለጋ ይሄዳል። የነካውን ይለበልባል። እኔ ጋላክሲያ የሚባለውን በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት አስቀምጬ ያንን ያህል አይደርስም ብዬ ነበር። ደረሰ። አካኑ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ቁስል ትቶ ነበር፣ በሳምንቱ ግማሹን በላው። ጋላክሲያ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም፣ በነፃ ቢሰጡሽም አትቀበዪ።

ቶርችና ሐመርም ዘመድ ናቸው እንጂ ወዳጅ አይደሉም። ሐመርና ፍሮግስፓውን አብዛኛውን ጊዜ ይቻቻላሉ። ቶርቹ ግን ክፉ ነው፣ ሁለቱንም ይለበልባል። ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ተይለት፣ ሞገዱም ከእሱ ወደ ሌላው የሚነፍስ አይሁን። አሁን 35 በ35 ኩብ ውስጥ ይህን ቦታ ከየት ታመጫለሽ? በወረቀት ላይ ሥዪው። ሦስት ክብ ስትሥዪ አለቀ።

ክላውንፊሹ ደግሞ አኔሞኒ (ውስጡ የሚኖርበትን ለስላሳ የባሕር እንስሳ) ካጣ ሐመሩን ወይም ቶርቹን ቤቱ ያደርገዋል። ትልቅ ኮራል ይችለዋል። አንድ ራስ ብቻ ያለው ፍራግ (ከትልቅ ኮራል የተቆረጠ ቁራጭ) ሲታሽ ውሎ አይከፈትም። ኮራሉ እስኪጎለምስ ዓሣዎቹን አቆዪያቸው።

#13 ሰማያዊ ጠብታ

በወረቀት ሣልኩት። ሁለት ክብ ላይ አለቀብኝ። ኩቡን ተውኩት፣ በይፋ። ዝርጉ ላይ ነኝ።

አሁን መብራቱ። አብሮ የሚመጣው አይበቃም ትላላችሁ? ማሞቂያውስ? ደግሞ ከሰው እጅ ያገለገለ ዝርግ ገንዳ አግኝቻለሁ፣ ድንጋዩ ሳይቀር ይሰጠኛል። ልውሰደው?

#14 ድጋሚ ጀማሪ

ስለ ማሞቂያ እኔን ጠይቂኝ። ስሜ ለምን ድጋሚ ጀማሪ ሆነ መሰለሽ?

40 ሊትር ገንዳ ነበረኝ። ባለ 200 ዋት ማሞቂያ ከትልቁ ገንዳዬ ተርፎ ነበርና ለምን ሌላ እገዛለሁ ብዬ እሱኑ ከተትኩት። አንድ ሌሊት ውስጡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ተጣብቆ ቀረ። ማሞቂያው ሳይጠፋ አደረ። ጠዋት እጄን ስከት ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ ይመስላል። 34 ዲግሪ። ደንካኑ አፉን ከፍቶ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር ሲተፋ አየሁት። ያ ቡናማ ነገር ሥጋው ውስጥ የሚኖሩት፣ በብርሃን ምግብ የሚሠሩለት አልጌዎች ናቸው። እስከ ማታ ገንዳው ሁሉ ነጭ ሆነ። ሽታውን አልነግርሽም።

ያ ማሞቂያ ባለ 50 ዋት ቢሆን ኖሮ ተጣብቆ ቢያድር እንኳ ውሃውን እንዲህ ለማፍላት አቅም አይኖረውም ነበር። ለ80 ሊትር ሁለት ባለ 50 ዋት ግዢ። አንዱ ቢሞት ሌላው ይይዘዋል፣ አንዱ ቢጣበቅ ብቻውን አይገድልም። ሁለቱንም ከውጭ በሚቆጣጠር ቴርሞስታት በኩል አገናኚያቸው። ሽቦዎቹን ደግሞ ሶኬቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ጎብጠው እንዲወጡ አድርጊ። ውሃ ሽቦ ተከትሎ ሲወርድ ጉብታው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

#15 የሲሊኮን ጣት

ያገለገለውን ገንዳ አንድ ጥያቄ ጠይቂበት፦ በመዳብ መድኃኒት ዓሣ ታክሞበታል? ዓሣን ከጥገኛ ተውሳክ የሚያድነው መዳብ ኮራልንም ሽሪምፕንም ቀንድ አውጣንም ይገድላል። ድንጋዩ መዳቡን መጥጦ ይይዝና ቀስ እያለ ይለቀዋል። አላውቅም ካለሽ መስታወቱን ብትወስጂ እንኳ ድንጋዩን ተዪው።

ከዚያ ውሃ ሙይበትና ደረቅ ጋዜጣ ላይ አንድ ሳምንት ይቀመጥ። ጋዜጣው ይነግርሻል። ማዕዘኖቹ ላይ ሲሊኮኑ ከመስታወቱ ተነጥሎ ነጭ ሆኖ ከታየሽ አትውሰጂው።

#16 ቁጥር ወዳድ

መብራት። ለኮራል ብርሃን የሚለካው በዋት አይደለም፣ ፓር በሚባለው ነው። ያ አልጌው የሚጠቀምበት ብርሃን መጠን ነው። ለኤልፒኤስ ከ50 እስከ 150 ይበቃል። ለሞንቲፖራና ለስታይሎፎራ 200 አካባቢ፣ ለአክሮፖራ ከ250 እስከ 350። አብሮ የሚመጣ መብራት ብዙውን ጊዜ ለኤልፒኤስ ይሆናል፣ አክሮፖራ ላይ ይሰንፋል። ዝርግ ገንዳ ላይ ደግሞ አንድ ጠባብ መብራት መሃሉን አብርቶ ጠርዙን ጨለማ ያደርገዋል። የፓር መለኪያ ውድ ነው፣ ካለው ሰው ለአንድ ቀን መዋስ ትችያለሽ።

ጠንካራ መብራት ስታገኚ ግን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ለሙሉ አትልቀቂው። በ30 ወይም 40 በመቶ ጀምሪና በሳምንታት ውስጥ አሳድጊው። ብርሃን ያነሰው ኮራል ቀስ ብሎ ይጠወልጋል፣ ጊዜ አለሽ። ብርሃን የበዛበት ግን በቀናት ውስጥ ነጭ ይሆናል።

ሞገዱ ለኤስፒኤስ በሰዓት የገንዳውን ውሃ 30 ጊዜ ያህል የሚያንቀሳቅስ ይሁን፣ ለአንቺ 2400 ሊትር ማለት ነው። ለቶርች ይህ ይበዛበታል። ፓምፑን ከፍ አድርገሽ ወደ ላይኛው ድንጋይ አዙሪው፣ ቶርቹ ከታች ጥግ ይቀመጥ። መዳሰሻው እየተወዛወዘ ከሆነ ጥሩ ነው። በአንድ ወገን ተጋድሞ ከቀረ ውሃው እየደበደበው ነው።

#17 ማዕበል 45

ስኪመር የማያስፈልግ መሆኑን ማን ይንገራት? ውሃ በየሳምንቱ ከቀየረች አያስፈልግም። የኋላ ክፍሉን አረፋ የሚያወጣ ጩኸታም ነገር አትሙይበት።

#18 ጋሽ ጨው

በዚህስ ተስማምተናል።

ውሃ መቀየር ግን ሁሉን አይፈታም፣ እሱንም ስሚው ማዕበል። አልካሊኒቲዋ 7 ሆነ፣ አዲሱ የጨው ውሃዋ 8.5 ነው፣ 10 በመቶ ቀየረች። ወደ 7.15 ወጣ። አድጎ የጨረሰ ኤስፒኤስ ደግሞ በቀን ግማሽ ዲኬኤች ይበላል፣ በሳምንት 3.5። በባልዲ አታሟይውም። ለጥቂት ኤልፒኤስ ይበቃት ይሆናል። ኤስፒኤሱ ማደግ ሲጀምር ግን አልካሊኒቲውንም ካልሲየሙንም በየቀኑ የሚጨምር ጠብታ መሣሪያ ያስፈልጋታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። ኮራሉ 1 ዲኬኤች በወሰደ ቁጥር ከካልሲየሙ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያህል ይወስዳል።

ልጄ፣ ሁለት ነገር ላክልልሽ። የጨዋማነት መለኪያሽ ሪፍራክቶሜትር ከሆነ በንጹህ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል አይበቃም። ለመለኪያ የተዘጋጀ በሺህ 35 የሆነ ፈሳሽ አለ፣ በእሱ አስተካክዪው። እኔ ለአንድ ዓመት 35 ነው እያልኩ 38 ላይ ኮራል አሳድጌአለሁ። ማሳደግ ከተባለ።

ሁለተኛው፣ ናይትሬትና ፎስፌትን ዜሮ ለማድረግ አትሩጪ። ከጨው አልባው ዓለም የመጣ ሰው ንጽሕና ይወዳል። ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ይኑር። ዜሮ ሲሆን ኮራሉ ይገረጣል። ብዙ ጊዜም ዳይኖ የምንለው ቡናማ ንፍጥ፣ አረፋ ያዘለ፣ አሸዋውን ይወርሰዋል። እሱን ያየ ሰው ቆሻሻን ይናፍቃል።

#19 ፖሊፕ እናት

ጋሼ ዛሬ መጽሐፍ ጻፉ :) እኔ አንድ ብቻ። አዲስ ኮራል በመጣ ቁጥር በኮራል ማጠቢያ ፈሳሽ ሳትነክሪ አታስገቢ። ትንሽ ገንዳ ውስጥ አንዲት ተባይ ከገባች በወር ውስጥ ሠርግ ደግሳ ትጠብቅሻለች። ስትገዢም ከባሕር የተነቀለውን ሳይሆን በገንዳ የተራባውን ፍራግ ፈልጊ። ጠንካራ ኮራሎች ሁሉ ሳይቲስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ ፍጥረታትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባሪ 2 ውስጥ የተመዘገቡ ናቸው፣ ድንበር ሲሻገሩ ወረቀት ይጠየቅባቸዋል። የተራባው ደግሞ የገንዳ ኑሮ ለምዷል፣ ቶሎ አይሞትብሽም።

#20 ሰማያዊ ጠብታ

(ከሦስት ወር በኋላ)

ጠፍቼ አልነበረም፣ እየጠበቅኩ ነበር። ያገለገለውን አልወሰድኩም። ሰውየው ስለ መዳብ ስጠይቀው ዝም አለ፣ ዝምታው መልስ ሆነልኝ። አዲስ 60 በ45 በ35 ገዛሁ። ደረቅ ድንጋይ ከተትኩ፣ ትንሽ ብቻ፣ ሁለት ደሴት አድርጌ። መርዛማው አሞኒያ ጨምሮ፣ ናይትራይቱም ጨምሮ፣ ከዚያ ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ 5 ሳምንት ፈጀ። ከዚያ አሸዋው ቡናማ ሆነ። ከዚያ ድንጋዩ ፀጉር የመሰለ አልጌ አበቀለ። ሁለቴ ልተወው ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ አዳኑኝ።

ባለፈው ሳምንት ባለ ሁለት ራስ ሐመር ገባ። የመጀመሪያው ቀን ምንም። በሁለተኛው ቀን ማታ ከሥራ ስገባ አንዱ ራስ ተከፍቷል፣ መዳሰሻዎቹ ጫፋቸው እንደ ትንሽ መዶሻ ሆኖ እየተወዛወዙ ነው። ሰማያዊው መብራት ሲያርፍበት አረንጓዴ ያበራል። ካፖርቴን ሳላወልቅ አንድ ሰዓት ቆሜ አየሁት።

አክሮፖራውን መቼ ላስገባ?

#21 ጋሽ ጨው

አትቸኩዪ። ቢያንስ 6 ወር ይሙላው። ሮዝማ ቅርፊት የመሰለ ኮራላይን አልጌ ድንጋዩንና የኋላውን መስታወት ሲያለብስ ገንዳው እየበሰለ ነው። መጀመሪያ ሞንቲፖራ ሞክሪ። እሷ ጫፏ እየሰፋ ከሄደ አክሮፖራ ታስቢያለሽ።

#22 ሰማያዊ ጠብታ

(ሌላ ስድስት ወር ቆይቶ)

ጋሼ የነገሩኝን አደረግሁ። ሞንቲፖራዋ ከጣት ጫፍ ተነስታ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ አክላለች። አንድ አክሮፖራም አለ፣ ሁለት ወር ሆነው፣ ጫፎቹ ነጣ ብለዋል። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፣ ለካ ማደጊያቸው ነው። ጠብታ መሣሪያውን ከገዛሁ ወዲህ አልካሊኒቲው 8.2 እና 8.4 መካከል ነው የሚመላለሰው። በየማታው እየመረመርኩ እገኛለሁ። አዎ ማዕበል፣ አትሳቅ።

ቶርቹን ተውኩት፣ ቦታ የለም። የሚያናድደኝ የኋላው ፓምፕ ብቻ ነው፣ ሌሊት ይጮኻል። በኮምጣጤ ሳጥበው ለሁለት ሳምንት ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደገና።

ሐመሩ አራት ራስ ሆኗል። ሁለቱን ቆርጬ ልሰጥ ነው። ማን ይፈልጋል?

#23 ማዕበል 45

እኔ። 28 ሊትሩ ውስጥ ቦታ አለ።

#24 ፖሊፕ እናት

የለም።